ድንበር የማይሻገረው መንጃ ፈቃድ፦ ስደተኛው አሽከርካሪ ለምን እንደገና ይፈተናል?

በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ጎዳናዎች ለዓመታት ያሽከረከረ ሰው ኑሮውን ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ስቶክሆልም ወይም ወደ ዱባይ ሲያዛውር ብዙም ያላሰበበት እክል ይገጥመዋል። የማሽከርከር ልምዱ አብሮት ድንበር ተሻግሯል፤ ያንን ልምድ የሚመሰክርለት ሰነድ ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሕጋዊ ዋጋውን ያጣል። ትናንት ተሳቢ የጫነ ከባድ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ዛሬ ትንሽ የቤት መኪና እንኳ ለመንዳት እንደ አዲስ ጀማሪ ወረፋ ይጠብቃል፤ የመንገድ ምልክቶችን ያጠናል፤ ከፈታኝ አጠገብ ይቀመጣል።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የቢሮ ጣጣ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ለብዙ የአፍሪካ ቀንድና የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች መንጃ ፈቃድ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በታክሲ፣ በዕቃ ማድረስ፣ በጭነት ማመላለስ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ በመንከባከብ የሚገኘው ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ካርድ ነው። ካርዷን በጊዜ ማግኘት ያልቻለ ሰው በአዲሱ አገር የመጀመሪያዎቹን የሥራ ዓመታት ያጣል። ይህ ትንታኔ የሚመረምረው የአንድ አገር መንጃ ፈቃድ በሌላው አገር ለምን እንደማይታወቅ፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ፣ እንዲሁም ምን ሊደረግ እንደሚችል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምምነቶቹ የሚሉትና የማይሉት

የመንገድ ትራፊክን የሚመለከቱ ሁለት ዋና ዋና ዓለም አቀፍ ስምምነቶች አሉ። የመጀመሪያው በ1949 በጄኔቫ፣ ሁለተኛው በ1968 በቪየና የተደረገው ነው። ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ቀላል ፍላጎት ነው፤ ሰዎች በመኪና ድንበር ሲሻገሩ በየኬላው አዲስ ፈቃድ እንዳይጠየቁ ማድረግ። ስለዚህ ፈራሚ አገራት ለጊዜው የመጣን እንግዳ ፈቃድ እንዲቀበሉ ያስገድዳሉ።

ሆኖም ስምምነቶቹ የታሰቡት ለጎብኚ እንጂ ለነዋሪ አይደለም። የቪየናው ስምምነት አንድ ሰው መደበኛ መኖሪያውን ወደ ሌላ ፈራሚ አገር ካዛወረ ያ አገር የቀድሞ ፈቃዱን የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። አለመግባባቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በእንግድነት ሲመጣ የታመነው አሽከርካሪ ነዋሪ ሆኖ ሲመዘገብ እምነቱን ያጣል፤ ችሎታው ግን በዚያች ሌሊት አልተለወጠም። የተለወጠው በሕግ ፊት ያለው መደብ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ጉዳይ ይጨመራል። ብዙዎች ይህን ሰነድ በዓለም ዙሪያ የሚያስነዳ ራሱን የቻለ ፈቃድ አድርገው ይወስዱታል። እውነታው ግን የዋናው ፈቃድ ኦፊሴላዊ ትርጉም ብቻ መሆኑ ነው። በ1949ኙ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለአንድ ዓመት፣ በ1968ቱ መሠረት የሚሰጠው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ሁለቱም ያለ ዋናው ፈቃድ ዋጋ የላቸውም። የነዋሪነትን ጥያቄም አይፈቱም። በኢንተርኔት ገንዘብ ተቀብለው «ዓለም አቀፍ ፈቃድ» የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚያተርፉት ይህን እውነታ ከማያውቁ ሰዎች ነው።

የሚቆጥረው ሰዓት

አንድ ሰው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው ጊዜ ከአገር አገር በእጅጉ ይለያያል። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረትና ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጪ የተሰጠ ፈቃድን መደበኛ መኖሪያ ከተመሠረተ በኋላ ለስድስት ወር ብቻ ትቀበላለች። በስዊድን ጊዜው በሕዝብ መዝገብ ከተመዘገቡበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ነው። በብሪታኒያም 12 ወር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ ሥልጣኑ የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን የየግዛቱ በመሆኑ ልዩነቱ ይሰፋል። ቨርጂኒያ ለአዲስ ነዋሪ 60 ቀን ስትሰጥ ካሊፎርኒያ 10 ቀን ብቻ ትሰጣለች።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ሰውየው ሕጉን ካወቀበት ቀን ሳይሆን ነዋሪ ከሆነበት ቀን ነው። ለሥራ ተቀጥሮ ለሄደ ባለሙያ ይህ ቀን ግልጽ ነው። ለጥገኝነት ጠያቂ ግን ግልጽ ላይሆን ይችላል። በመጠለያ ጣቢያ ወራትን የሚያሳልፍ፣ መኪናም ገንዘብም የሌለው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ስለ መንጃ ፈቃድ አያስብም። ሥራ አግኝቶ መንዳት ሲያስፈልገው ግን የችሮታው ጊዜ አልፎ ሊያገኘው ይችላል።

መዘዙም ቀላል አይደለም። በጀርመን ጊዜው ባለፈ የውጭ ፈቃድ መንዳት ፈቃድ ሳይኖር እንደ መንዳት ይቆጠራል። ይህም በቅጣት ወረቀት የሚያልቅ የደንብ መተላለፍ ሳይሆን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። በወንጀል የተመዘገበ ሰው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያሳድስ ወይም ዜግነት ሲጠይቅ ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። አደጋ ከደረሰም የመድን ድርጅቱ ለተጎጂው የከፈለውን ገንዘብ ከአሽከርካሪው ለማስመለስ መብት ሊኖረው ይችላል። ሕጉን አለማወቅ ከተጠያቂነት የማያድን በመሆኑ አንድ ያልተነበበ አንቀጽ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ሊያናጋ ይችላል።

በዝርዝሩ ያለና የሌለ

መንጃ ፈቃድ መለወጥ ሲባል ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ያለ ፈተና መለወጥ ነው። አመልካቹ ፎርም ይሞላል፤ ዓይኑን ይመረመራል፤ የድሮ ካርዱን አስረክቦ አዲሱን ይቀበላል። ሁለተኛው ፈተናን በሙሉም ሆነ በከፊል እንደገና መውሰድ ነው። ማን በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው የሰውየው የማሽከርከር ታሪክ ሳይሆን ፈቃዱን የሰጠው አገር በተቀባዩ አገር ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ነው።

ዝርዝሮቹን መመልከት ብዙ ያስተምራል። በጀርመን ደንብ በልዩ ሁኔታ ከሚስተናገዱት አገራት መካከል ከአፍሪካ ያሉት ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በብሪታኒያ ዝርዝር ደግሞ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ይገኛሉ። እነ አውስትራሊያ፣ ጃፓን፣ ሲንጋፖርና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም በብሪታኒያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ ግን በሁለቱም ውስጥ የሉም። ስዊድን ከዚህም ትጠብቃለች፤ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጪ የምትለውጠው የጥቂት አገራትን ፈቃድ ብቻ ነው። ቨርጂኒያም ያለ ፈተና የምትቀበለው እንደ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ያሉ ጥቂት አገራትን ነው።

ዝርዝሮቹ የሚዘጋጁት የሥልጠናና የፈተና ሥርዓትን በማነጻጸር እንደሆነ ይነገራል፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን የንግድ ግንኙነት፣ የታሪክ ትስስርና የመንግሥታት ድርድርም በዝርዝሮቹ ላይ አሻራቸውን ትተዋል። ብሪታኒያና ጀርመን በአንድ አህጉር እየኖሩ፣ ተመሳሳይ የደኅንነት ግብ እያላቸው ስለ ዚምባብዌና ስለ ናሚቢያ የተለያየ መደምደሚያ ላይ መድረሳቸው መለኪያው ቴክኒካዊ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በአብዛኛው ልውውጥ የሚመሠረተው በእኩል መስተንግዶ ላይ ነው፤ አንዱ መንግሥት የሌላውን ፈቃድ የሚቀበለው የራሱ ዜጎችም እዚያ ተመሳሳይ መብት ሲያገኙ ነው። ስለዚህ ድርድር ያልጠየቀ መንግሥት ዜጎቹ ከዝርዝሩ ውጪ ሆነው ይቀራሉ።

ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ሰው በጀርመን የሚጠብቀው ሂደት ለአብነት ሊጠቀስ ይችላል። ግዴታ የሆነውን መደበኛ ሥልጠና ከመውሰድ ነጻ ነው። የጽሑፉንና የተግባሩን ፈተና ግን ማለፍ አለበት። የዓይን ምርመራ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ምስክር ወረቀትና የፈቃዱ ትርጉም ይጠየቃል። የተግባር ፈተናው የሚካሄደው የማሽከርከር አስተማሪ ባለበት በመሆኑ ከማሠልጠኛ ተቋም ጋር መዋዋል አይቀርም። በአገሪቱ አንድ ጀማሪ የመኪና ፈቃድ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ2,500 እስከ 3,500 ዩሮ ያወጣል። ልምድ ያለው ስደተኛ ከዚህ ያነሰ ሊያወጣ ቢችልም በአንደኛው ፈተና ከወደቀ ክፍያው ይደገማል። መጨረሻ ላይ አዲሱን ካርድ ሲቀበል የአገር ቤቱን ያስረክባል።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት ከሦስተኛ አገር ፈቃድ በልውውጥ የተሰጠ ካርድ ላይ ይኸው በምልክት ይመዘገባል። ባለቤቱ በኋላ ወደ ሌላ አባል አገር ኑሮውን ቢያዛውር ያ አገር ካርዱን የመቀበል ግዴታ የለበትም። በሌላ አነጋገር በአንዱ አገር የተገኘው ልውውጥ በሁሉም አገር አያስነዳም። ብሪታኒያም የውጭ ፈቃድ ስትለውጥ ባለቤቱ የተፈተነው የት አገር እንደሆነ ትጠይቃለች። ፈቃድን በሦስተኛ አገር በኩል አዙሮ ለማስለወጥ የሚያስቡ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ደኅንነት እውነተኛ ምክንያት ነው?

ተቀባይ አገራት ለጥብቅነታቸው የሚያቀርቡት ዋና ምክንያት የሰው ሕይወት ነው። ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህ ሞቶች 92 በመቶው የሚደርሰው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ሲሆን፣ እነዚህ አገራት ያላቸው ግን ከዓለም ተሽከርካሪዎች 60 በመቶ ገደማውን ነው። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከፍተኛው የሞት መጠን የሚመዘገበው በአፍሪካ፣ ዝቅተኛው በአውሮፓ ነው።

በአካባቢው አገራት ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ መኖሩና ያለ በቂ ሥልጠና በእጅ መንሻ የሚገኝ ፈቃድ መኖሩም የተደበቀ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ን ስታወጣ ከቀደመው አዋጅ የተሻለ ቁጥጥር ለማበጀት መፈለጓ ለዚህ ማሳያ ነው። አንድ የውጭ መሥሪያ ቤት በእጁ የያዘው ካርድ በእውነተኛ ፈተና ወይስ በገንዘብ የተገኘ መሆኑን መለየት ካልቻለ ሁሉንም መጠራጠር ይቀለዋል።

ነገር ግን የአገር አማካይ የግለሰብ ማስረጃ አይደለም። በአፍሪካ ያለው የሞት ቁጥር የሚያሳየው የሹፌሩን ጥፋት ብቻ አይደለም። የእግረኛ መንገድ የሌላቸው ጎዳናዎች፣ ያረጁ መኪኖች፣ የመብራት እጥረት፣ የሚዘገይ አምቡላንስ ሁሉ አሉበት። ሃያ ዓመት ያለ አደጋ ያሽከረከረ ሰው በዚህ አማካይ ሲለካ ትክክለኛ ፍርድ አገኘ ማለት አይቻልም። በተቃራኒው ደግሞ በዝርዝሩ ካለ አገር የመጣ ግድየለሽ ሹፌር ያለ አንዳች ፈተና ካርዱን ይለውጣል። የደኅንነት ክርክር በተሟላ መልኩ ቢሠራበት ኖሮ ሁለቱም አጭር የመንገድ ምዘና ይወስዱ ነበር።

ሥርዓቱ ሲፈለግ እንደሚላላም ታይቷል። ሩሲያ በ2022 ዩክሬን ላይ ሙሉ ወረራ ከከፈተች በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ባወጣው ደንብ ጊዜያዊ ከለላ ያገኙ ዩክሬናውያን በአገራቸው ፈቃድ በኅብረቱ ውስጥ እንዲነዱ፣ ከለላው እስካለ ድረስ መለወጥም ሆነ የተረጋገጠ ትርጉም ማቅረብ እንዳይጠየቁ አድርጓል። ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ሠርቶ እንዲኖር አስችሏል። ከአፍሪካ ቀንድ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ መስተንግዶ አላገኙም። በዩክሬን በኩል መረጃው በዲጂታል ሊረጋገጥ የሚችል መሆኑ ነገሩን አቅልሎታል። ዋናው ልዩነት ግን የፖለቲካ ፍላጎት ነበር።

የቋንቋ ግድግዳ

ፈተናውን መውሰድ ግዴታ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ በምን ቋንቋ የሚለው ነው። የጽሑፍ ፈተና የሚለካው የትራፊክ ዕውቀትን ነው ቢባልም በማያውቁት ቋንቋ ሲሆን የሚለካው ቋንቋውን ይሆናል። ሁለት አሉታ ያለበትን የጀርመንኛ ዓረፍተ ነገር በትክክል ያልተረዳ ሰው ቅድሚያ የማን እንደሆነ እያወቀ ሊወድቅ ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ረገድ የተለያየ ዕጣ አላቸው። በእስራኤል የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ ይሰጣል። በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቿ ቨርጂኒያም እንዲሁ፤ ይህም በአካባቢው ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ብዛትና የቋንቋ ተደራሽነት ጥያቄ ያስገኘው ውጤት ነው። በሚኒሶታ ሶማሊኛ ከፈተና ቋንቋዎች አንዱ ነው። በጀርመን ፈተናው ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ይሰጣል፤ ዘመናዊው ዓረብኛ በ2016 በርካታ ሶርያውያን ከገቡ በኋላ ተጨምሯል። አማርኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ብሪታኒያ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳለች፤ ከ2014 ጀምሮ ፈተናውን በእንግሊዝኛና በዌልሽ ብቻ እንዲሆን አድርጋ አስተርጓሚንም ከልክላለች።

በዩናይትድ ስቴትስ በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን የሚመለከት ሌላ ለውጥም አለ። የንግድ ተሽከርካሪ ሹፌሮች እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር እንዲችሉ የሚያዝዘው የቆየ ደንብ በፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ የሚያዝያ 2025 ትእዛዝ እንዲጠብቅ ተደርጓል። ከዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በመንገድ ላይ ፍተሻ የቋንቋ መስፈርቱን ያላሟላ ሹፌር ከመሪው እንዲነሣ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ የቤት መኪና ፈቃድን በአማርኛ ተፈትኖ ያገኘ ሰው ወደ ከባድ መኪና ሲሸጋገር ሌላ በር ይጠብቀዋል።

የባሕረ ሰላጤው ጎዳና

በባሕረ ሰላጤው አገራት ያለው ሁኔታ ከአውሮፓው ይለያል፤ መነሻው ግን ያው ዝርዝር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የበርካታ የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካና የእስያ አገራትን እንዲሁም የደቡብ አፍሪካን ፈቃድ ያለ ፈተና ትለውጣለች። የባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት አባል አገራት ፈቃድም ይለወጣል። ከሌሎች አገራት የመጣ ሰው በማሠልጠኛ ተቋም ተመዝግቦ መፈተን አለበት። በዱባይ ቀድሞ ፈቃድ ለነበረው ሰው የሥልጠናው ሰዓት እንደ ልምዱ ይቀንስለታል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከዝርዝሩ ውጪ ያሉ አሽከርካሪዎች ሳይሠለጥኑ በቀጥታ አንድ ጊዜ እንዲፈተኑ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ያለፈ ፈቃዱን ይወስዳል፤ የወደቀ ወደ ሥልጠናው ይመለሳል።

ይህ አሠራር ትኩረት ይሻል። ምዘናው ሳይቀር የልምድን ዋጋ ያከብራል። መንግሥት ደኅንነትን አልተወም፤ ችሎታ ያለው ሰውም በማያስፈልገው ትምህርት ገንዘቡንና ጊዜውን አያባክንም። አውሮፓ ከዚህ የምትማረው ሊኖር ይችላል።

የሰነድ ፈተና

ከመንገድ ፈተናው በፊት ብዙዎች የሚወድቁት በሰነድ ፈተና ነው። የመጀመሪያው ችግር ስም ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ቦታውን ይይዛል። እንደ «ጸ»፣ «ጨ» እና «ቀ» ያሉ ድምፆችም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉ በፓስፖርትና በመንጃ ፈቃድ ላይ ያለው ስም የሁለት ሰዎች ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ከጎርጎርሳውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የታደሰውን ፈቃድ ከዓመታት በፊት እንዳበቃለት ሊቆጥረው ይችላል። ተርጓሚው ቀኑን ቀይሮ አቆጣጠሩንም ካልገለጸ ስሕተቱ ይቀጥላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ማረጋገጫ ነው። ተቀባዩ አገር ካርዱ እውነተኛ መሆኑን የሰጠው አካል እንዲመሰክር ሲጠይቅ በፈቃዱ የሄደ ሰው ኤምባሲውን ያነጋግራል። ከመንግሥቱ ሸሽቶ የወጣ ስደተኛ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቢሞክርም በአገር ቤት ያሉ ዘመዶቹን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25 ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ስደተኛው ሊጠይቃቸው የማይችላቸውን የአገሩን ባለሥልጣናት አገልግሎት የተቀባዩ አገር መንግሥት በሌላ መንገድ እንዲያመቻችለት ይደነግጋል። አንቀጹ ስለ ልደትና ጋብቻ ማስረጃ ሲነሣ ይጠቀሳል፤ በመንጃ ፈቃድ ቢሮዎች ግን እምብዛም አይሰማም።

ጎረቤታሞቹስ?

የአካባቢው መንግሥታት አውሮፓን ሲወቅሱ በራሳቸው ድንበር ያለውን ማየትም ተገቢ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ የዳያስፖራ አባል በውጭ ያገኘውን ፈቃድ ለመለወጥ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ መካከል መመላለስ ይጠበቅበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚዛወር ሰውም የልውውጥ ጣጣ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ጎዳናውም ይገለበጥበታል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በግራ ሲነዱ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በቀኝ ይነዳሉ። ኢትዮጵያ ራሷ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1964 ነበር።

ያም ሆኖ መተማመን እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በአካባቢው አለ። አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ሲሆን ከባድ መኪኖች በየቀኑ ድንበሩን ያቋርጣሉ። ይህን ከሚያቀሉት አንዱ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው። በአንዱ አባል አገር የተገዛ የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው አገር ለሚደርስ አደጋም ሽፋን ይሰጣል። የመድን ድርጅቶች፣ ገንዘብ የሚያስከፍል ኃላፊነትን በሚመለከት፣ እርስ በርስ መተማመን ከቻሉ የመንጃ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች የማይችሉበት ምክንያት አይታይም። የኢጋድ አባል አገራት በየካቲት 2020 በካርቱም ያጸደቁት የሰዎች ነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮልም ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው። ሰው በነጻ ተንቀሳቅሶ እንዲሠራ ከታሰበ የሙያ ማስረጃው አብሮት መንቀሳቀስ አለበት።

ምን ይደረግ?

የመፍትሔው ቁልፍ በሰጪዎቹ አገራት እጅ ነው። እያንዳንዱ ፈቃድ የተመዘገበበትና የውጭ መሥሪያ ቤት በቀላሉ ሊያረጋግጠው የሚችል የመረጃ ቋት ከሌለ ማንም በድርድር ጠረጴዛ ላይ አሳማኝ ክርክር ማቅረብ አይችልም። ኬንያ ባለ ቺፕ ዘመናዊ ካርድ ጀምራለች፤ ኢትዮጵያ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያን እያስፋፋች ነው። እነዚህ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ጋር ከተሳሰሩና ፈተናው ራሱ በገንዘብ የማይገዛ ከሆነ መንግሥታት በአንድ ድምፅ የልውውጥ ስምምነት መጠየቅ ይችላሉ። በአውሮፓም በሩ በመጠኑ እየተከፈተ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2023 ባቀረበው የሕግ ረቂቅ የሦስተኛ አገራትን የፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት በጋራ መዝኖ ልውውጥን ማቅለልን ሐሳብ አድርጎ አቅርቧል። ጀርባው የሙያ ሹፌሮች እጥረት ነው። የተዘጋጀ አገር ከዚህ ይጠቀማል፤ ያልተዘጋጀ እንደገና ከዝርዝሩ ውጪ ይሆናል።

ይህ እስኪሆን ለመሄድ የተዘጋጀ ወይም የሄደ አሽከርካሪ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። ከአገር ከመውጣቱ በፊት ፈቃዱን ማሳደስ፣ ስሙ በፓስፖርቱ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ማየት፣ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ፈቃዱ መጀመሪያ የተሰጠበትንና የታደሰበትን ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ መውሰድና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስረጋገጥ ይጠቅመዋል። ከደረሰ በኋላ በነዋሪነት የተመዘገበበትን ቀን መዝግቦ መያዝ፣ የችሮታው ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ከአካባቢው ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ፣ ትርጉሙን በተፈቀደለት ተርጓሚ ማሠራት፣ ካርዱን ከማስረከቡ በፊት ቅጂውን ማስቀረት ይኖርበታል። የጽሑፍ ፈተናውን ዝግጅት የችሮታው ጊዜ ሳያልቅ መጀመር ከሁሉም ይበልጣል፤ በብዙ ከተሞች የቀጠሮ ወረፋው ራሱ ወራት ይፈጃልና።

በመጨረሻ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ ስለ መኪና ብቻ አይደለም። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ መምህሩና የኤሌክትሪክ ባለሙያውም የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ ዕውቀታቸው ይሻገራል፤ ማስረጃቸው ይቀራል። ተቀባዩ አገር የሠራተኛ እጥረት አለብኝ እያለ ሠራተኛውን በወረፋ ያቆያል፤ ላኪው አገር ዜጎቼ ይላኩልኝ እያለ የሰጣቸውን ማስረጃ የሚያስከብር ሥርዓት አይዘረጋም። በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው የሚጠይቀው ያለ ፈተና እንዲታለፍ አይደለም። የሚችለውን እንዲያሳይ፣ ያሳየውም እንዲቆጠርለት ነው።